ሐበሻው ሙአዚን፦ ሰይዲና ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረ.ዐ)

 

የሰይዲና ቢላልን ስም የማያውቅ ሙስሊም በወረታ ከተማም ሆነ በፎገራ ገጠር አይገኝም። ልጆቻችንን በስማቸው እንጠራለን። በመካ የደረሰባቸውን ስቃይም ገና በልጅነታችን ከኡስታዞቻችን ሰምተናል። ከአሸዋው ላይ ከተነሡ በኋላ የኖሩት ሕይወት ግን ብዙ ሲነገር አይሰማም። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የወደድሁት በተለይ ይህንኑ ነው።

መጀመሪያውን ባጭሩ እንለፈው። አባታቸው ረባሕ፣ እናታቸው ሐማማ ይባላሉ፤ ሐማማ የሐበሻ ተወላጅ ባሪያ ነበሩ። በዚያ ዘመን ልማድ የባሪያ ልጅ ባሪያ ነውና ሰይዲና ቢላልም በበኒ ጁመሕ ጎሣ ባርነት አደጉ። ጌታቸው ኡመያ ኢብኑ ኸለፍ መስለማቸውን ባወቀ ጊዜ በቀትር ሐሩር በጋለ አሸዋ ላይ እያስተኛ በደረታቸው ላይ ቋጥኝ ያስጭን ነበር። እሳቸው ግን የአላህን አንድነት ከመመስከር አልተመለሱም። በኋላም አቡበክር (ረ.ዐ) ገዝተው ነፃ አወጧቸው። ኡመያ በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በበድር ዘመቻ ተገደለ።

በመዲና አዛን በተደነገገ ጊዜ ቃሉን በሕልማቸው ያዩት ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ ነበሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ድምፃቸው የተሻለ ነውና ለቢላል አስተምራቸው ብለው አዘዙ። በመስጊዱ አቅራቢያ የአንዲት ሴት ቤት ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበርና ሰይዲና ቢላል በሌሊት ጣራው ላይ ወጥተው ይቀመጡና የጎህን መቅደድ ይጠብቁ ነበር።

የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የቤት ወጪ ይይዙ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። የታረዘ ሙስሊም ሲመጣ ተበድረው ልብስ ይገዙለታል፣ ያበሉታል። ይህን ያየ አንድ ሙሽሪክ፣ ሀብት አለኝና ከእኔ በቀር ከማንም አትበደር አላቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉ። አንድ ቀን ለአዛን ሲነሡ ሰውዬው ከነጋዴዎች ጋር መጣና ፊቱን አጥቁሮ በሐበሻነታቸው ጠርቶ ይሰድባቸው ጀመር። ቀጠሮው ሊደርስ አራት ቀን እንደቀረው፣ ካልከፈሉም በዕዳው ይዞ እንደ ድሮው በግ ጠባቂ እንደሚያደርጋቸው ዛተ። ነፃ የወጣን ሰው ባርነቱን ማስታወስ ምን ያህል እንደሚያቆስል ገምቱ! ሰይዲና ቢላልም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስታወቁ። መክፈያ አልነበረምና በሌሊት ጓዛቸውን አዘጋጅተው ዕዳው እስኪከፈል ከከተማ ሊወጡ አሰቡ። ሊነሡ ሲሉ ተጠሩ፤ ቢሄዱ የፈደክ ሹም የላካቸው አራት የተጫኑ ግመሎች ተንበርክከው ቆመዋል። ዕዳው ተከፈለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የተረፈው ለችግረኛ ተሰጥቶ እስኪያልቅ ድረስ ወደ ቤታቸው አልገቡም፤ ያን ሌሊት በመስጊድ አደሩ።

ስድቡ ከሙሽሪክ አፍ ብቻ ቢወጣ ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ሰደቡት፤ ብዙ ዑለማዎች ሰውዬው ቢላል እንደሆኑና ስድቡም በእናታቸው ጥቁረት እንደነበረ ይናገራሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን የጃሂሊያ ጠባይ አልለቀቀህም ብለው ገሠጿቸው። አቡ ዘርም ከዚያ በኋላ የለበሱትን ዓይነት ልብስ ለአገልጋያቸው ያለብሱ ነበር።

ውድ አንባቢያን! እኛስ? እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተቀመጠው ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲሰፍር ወስኖ ነበር። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስም በጎንደር አካባቢ አብዛኛው ሙስሊም ርስት ስለተነፈገው በንግድና በሽመና ይኖር ነበር። መናቅን ከአባቶቻችን ሰምተን እናውቀዋለን። ታዲያ ሩዝ ሲታጨድ ለቀን ሥራ የሚመጣውን ጥቁር ወጣት ባሪያ ብሎ የሚጠራ ከጀመዓችን አይጠፋም። ባርነት በሕግ የቀረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ሆኖም ለኒካሕ ሽማግሌ ሲላክ የልጁ ዲን ሳይጠየቅ አጥንቱ የሚቆጠርባቸው ቤቶች ዛሬም አሉ። ሰይዲና ቢላልን አንቱ እንላለን፤ እሳቸውን የመሰለውን ግን በገበያ እንገላምጣለን።

እሳቸው ራሳቸው ከየመን ሰዎች ዘንድ ለራሳቸውና ለወንድማቸው ሚስት ሲጠይቁ ምንም አልደበቁም። ባሮች ነበርን፣ አላህ ነፃ አወጣን፤ ብትድሩን ምስጋና ለአላህ ነው፣ ብትከለክሉንም አላህ ታላቅ ነው የሚል ነበር አቀራረባቸው። ዳሯቸው።

በአሜሪካ የባሮች ልጆችም ይህን ታሪክ አጥብቀው ይዘውታል። በዘር ጥላቻ የቆሰለው ማልኮም ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1964 ሐጅ አድርጎ ነጩም ጥቁሩም ባንድ ሰሐን ሲበላ ካየ በኋላ አስተሳሰቡ ተለወጠ። በ1975 ደግሞ የጥቁር አሜሪካውያን ሙስሊሞች ጋዜጣ በቢላል ስም ተሰየመ።

በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ስትከፈት ሰይዲና ቢላል ካዕባ ላይ ወጥተው አዛን አሉ። ከቁረይሽ መኳንንት አንዳንዱ አባቱ ይህን ሳያይ በመሞቱ ተደሰተ። የሰው ልጅ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት መፈጠሩን የሚያስታውሰው የሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ በዚህ ምክንያት ወረደ ያሉ ሙፈሲሮች አሉ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሞቱ በኋላ አዛን ማለት ከበዳቸውና ወደ ሻም ዘመቱ። ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሆነው ሻም በመጡ ጊዜ ሰዎች ለምነዋቸው አንድ ጊዜ አዛን ቢሉ ዑመርም ሶሐቦቹም አለቀሱ። በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ አካባቢ፣ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው በደማስቆ ሞቱ፤ የተቀበሩትም ባብ አስ-ሰጊር በሚባለው መቃብር ነው። በጣር ላይ ሳሉ ሚስታቸው ዋይ ስትል እሳቸው ደስ ይላቸው ነበር፤ በማግሥቱ ወዳጆቻቸውን፣ ሙሐመድንና (ሰ.ዐ.ወ) ጓዶቻቸውን ያገኛሉና።