የዓባይን ሙላት ከሩቅ ውቅያኖስ ጋር ያዛመዱት ሰር ጊልበርት ዎከር

ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ከጣና ሐይቅ ሲወጣ የሚመለከት ሰው፣ የወንዙ መሙላትና መጉደል ከፓስፊክ ውቅያኖስ ሁኔታ ጋር ይያያዛል ብሎ አይገምትም። ይህን ዝምድና በአኃዝ ካሳዩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ሰር ጊልበርት ዎከር ናቸው።

ዎከር እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ሀገር በሮችዴል ከተማ ተወለዱ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አጥንተው በ1889 በማጠቃለያው ፈተና አንደኛ ወጡ። ቡሜራንግ የተባለውን፣ ተወርውሮ ወደ ወርዋሪው የሚመለስ እንጨት በረራ መመርመራቸው ቅጽል ስም እንዳተረፈላቸው ይነገራል። በ1904 የሕንድን የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት እንዲመሩ ሲሾሙ ግን በሙያው አዲስ ነበሩ። አደራው ከባድ ነበር፤ በ1899 የሞንሱን ዝናብ ቀርቶ ሕንድን ጽኑ ረኃብ መትቷት ስለነበር፣ የዝናቡን ሁኔታ አስቀድመው እንዲናገሩ ይጠበቅባቸው ነበር።

ዎከር የአየር ግፊትን፣ የሙቀትን፣ የዝናብንና የዓባይን ሙላት መዝገብ ከብዙ አገሮች አሰባሰቡ፤ ስሌቱም በረዳቶቻቸው ብርታት በእጅ ተሠራ። በዚህም በፓስፊክ ላይ የአየር ግፊት ከፍ ሲል በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ዝቅ እንደሚል፣ ሁኔታውም ተመልሶ እንደሚገለበጥ ደረሱበት፤ የደቡብ ውዝዋዜ ብለውም ሰየሙት። የዓባይ ሙላትም ከዚሁ ውዝዋዜ ጋር የሚሄድ ሆኖ ተገኘ።

ይሁንና የሞንሱን ትንበያቸው እንደታሰበው አልሰመረም። ዝምድናው የሚሠራበትን መንገድ ማስረዳት ስላልቻሉም ብዙዎች ተጠራጠሯቸው። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ነገር ግን የውቅያኖሱ መረጃ በዘመኑ እጅግ ጥቂት ስለነበር ጉድለቱ የእሳቸው ብቻ አይደለም። በ1958 አረፉ።

በ1969 ያኮብ ብየርክኔስ የፓስፊክን መሞቅ ከዚሁ ውዝዋዜ ጋር አያይዘው፣ በምድር ወገብ ላይ ያለውን የአየር ዝውውር በዎከር ስም ጠሩት። ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ሲደክም የኬልቪን ሞገድ የሚባለው ሰፊ የውቅያኖስ ሞገድ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ በሁለት ወር ያህል ደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ይደርሳል፤ ከጥልቁ የሚወጣውን ውኃ ቅዝቃዜም ይቀንሰዋል። ምሥራቁ ሲሞቅ ነፋሱ ይበልጥ ይደክማል፤ የነፋሱ መድከም ደግሞ ሙቀቱን ያባብሳል። የሮስቢ ሞገዶች በበኩላቸው በዝግታ ወደ ምዕራብ ይጓዛሉ፤ ከምዕራቡ ዳርቻ ተመልሰው ሲመጡ ሙቀቱ እንዲበርድ ያግዛሉ።

ኤልኒኖ የሚባለው ይህ ሙቀት ሲበረታ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ የመቀነስ አዝማሚያ ያሳያል፤ በ2015 የደረሰው ድርቅ የቅርብ ምሳሌ ነው። በመሆኑም የጣና ዳር ገበሬ ዘሩን ከመምረጡ በፊት የሚሰማው የክረምት ትንበያ ሲዘጋጅ፣ የፓስፊክ ገጽ ሙቀት በቅድሚያ ከሚታዩት መረጃዎች አንዱ ነው።