የ42ቱ ሰፈሮች ተርጓሚ

ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ185 ገደማ በእስክንድርያ ተወለደ። በ202 አባቱ ሌዎኒድስ በእምነቱ ምክንያት ተገደለ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። ልጁ አባቱን ተከትሎ ሊሞት ሲነሣ እናቱ ልብሱን ደብቃ አስቀረችው (ብልህ እናት!)። ገና በወጣትነቱ እያስተማረ እናቱንና ስድስት ታናናሽ ወንድሞቹን ይረዳ ጀመር።

ኋላ ከአገሩ ወጥቶ በፍልስጥኤም ቂሣርያ ተቀመጠ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 33 የተዘረዘሩትን፣ አብዛኞቻችን የምንዘላቸውን 42 የእስራኤል ሰፈሮች የነፍስ ጉዞ ደረጃዎች አድርጎ የተረጎማቸው በስደት ሳለ ነው። የጉዞውን ታሪክ አልካደም፤ ግን ግብፅ በሰው ልብ ውስጥም አለች አለ። ሱኮት ድንኳን ማለት ስለሆነ፣ ነፍስ መጀመሪያ የምትማረው መንገደኛ መሆኗን ነው። 12 ምንጭና 70 ዘንባባ ወዳለባት ወደ ኤሊምም በመራራዋ ማራ ሳያልፉ አይደረስም።

በ250 በዳኬዎስ ዘመን ታስሮ ክፉኛ ተሠቃየ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ። በ553 በቁስጥንጥንያ ተወገዘ፤ የሰፈሮቹ ስብከት ግን በላቲን ትርጉም ቆይቶልናል።