ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ (1853 – 1872 ዓ.ም.)



በዚህ እትም የምናስታውሳችሁ ሰው ንጉሥ አልሆነም፤ ጦር አልመራም፤ መጽሐፍም አልጻፈም። በ18 ዓመቱ ያረፈ ልጅ ነው። ሆኖም ከአገሩ ርቆ የሚያድግ ሁሉ ታሪኩን ሊያውቀው ይገባል።

ዓለማየሁ የአፄ ቴዎድሮስና የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ልጅ ነው። ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ፤ አባቱም እጃቸውን ለጠላት ላለመስጠት ራሳቸውን ሠዉ። እናቱ ከሚመለሰው ጦር ጋር ሲጓዙ ታመው በግንቦት ወር መንገድ ላይ ዐረፉ። እንግዲህ አስቡት፤ ሕፃኑ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ አባቱን፣ እናቱንና ቤቱን አጣ።

ጠባቂ ሆኖ የተሰጠው ካፒቴን ስፒዲ የተባለ መኮንን ነበር። ስፒዲ አማርኛ ያውቃል፤ የአገራችን ሰዎችም ባሻ ፈለቀ ይሉት ነበር። ዓለማየሁ ከእርሱ ጋር በጣም ተቆራኘ፤ ሌሊት እንኳ ከአጠገቡ ተለይቶ መተኛት ይፈራ ነበር። በሐምሌ ወር እንግሊዝ አገር ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ ልጁን ባዩት ጊዜ ወደዱት። በኋላም ስፒዲ ለሥራ ወደ ሕንድ ሲሄድ ይዞት ሄደ።

ነገር ግን ሹማምንቱ ልጁ እንግሊዝ አገር መማር አለበት ብለው ወሰኑ። ከስፒዲ ለዩትና ለትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ሰጡት። በራግቢ ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1870ዎቹ መጀመሪያም ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ። ምግብ፣ ልብስና መምህር አልጎደለበትም። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር። አማርኛ የሚያናግረው ሰው ስላልነበረ ቋንቋው ቀስ በቀስ ጠፋበት። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ቤት ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ትላልቅ ትምህርት ቤቶች ወንድ ልጅ ማልቀስም ሆነ ናፍቆቱን መናገር እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ዓለማየሁም በዚህ ሥርዓት ውስጥ አደገ።

የጦር ትምህርቱ አልተስማማውም፤ ትቶት ወጣ። ወደ ሊድስ ከተማ፣ ወደ ቀድሞ መምህሩ ቤት ሄዶ ሳለ ሳንባውን ታመመ። ተመርዣለሁ ብሎ በመጠርጠር ሕክምና እምቢ ያለበትም ጊዜ ነበር። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ዐረፈ። ንግሥቲቱ ሕይወቱ ደስታ እንዳልነበረበት በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈው አዘኑ፤ በዊንድሶር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት እንዲቀበርም አደረጉ። ኢትዮጵያ ዐፅሙ እንዲመለስላት ጠይቃለች፤ በግንቦት 2015 ዓ.ም. ግን ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም በማለት አልተቀበለም። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የፀጉሩ ጕንጕን ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

የልዑሉን ልብ ከፍተን ስላላየን የገደለው ናፍቆት ነው ልንል አንችልም። የገደለው የሳንባ በሽታ ነው። ነገር ግን በዘመኑ ሥልጡን በተባለው አገር፣ በንግሥት ዐይን ሥር ኖሮ ደስታን ለምን አላገኘም ብለን ብንጠይቅ ተገቢ ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ያሰበ ሰው የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ከሰው ጋር በሥርዓት ለመኖር ብዙ ስሜቱን መግታት አለበት፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን በደስታው ነው ሲል አስረዳ። በእርሱ ትምህርት ወደ ውስጥ የተገፋ ስሜት አይሞትም፤ መልኩን ለውጦ በጭንቀት ወይም በሕመም ይመለሳል። ከአስተያየቶቹ ብዙዎቹ ዛሬም ያከራክራሉ። ፍሮይድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1938፣ በ82 ዓመቱ፣ ከናዚዎች ሸሽቶ ለንደን የገባ ስደተኛ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ከመካከላችሁ በካርቱም፣ በካፉሪ ያደጋችሁ አላችሁ። በመንገድ ዐረብኛ፣ በቤት አማርኛ ትናገሩ ነበር። ስደተኛ አንገቱን ደፍቶ ይኑር ሲባል ሰምታችኋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህም ያያችሁትን እናንተው ታውቃላችሁ። ስንጠይቃችሁ ግን ሁላችሁም ደኅና ነኝ ትሉናላችሁ። እኛም መምህራኑ ብዙ ጊዜ ዝም ያለውን ልጅ ጨዋ ብለን እናልፈዋለን። ይህ የእኛ ስሕተት ነው።

ንዴትን መግታት መልካም ነው፤ ያለ እርሱ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አንችልም። ሐዘንን መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ ለእናታችሁ፣ ለጓደኛችሁ ወይም ለመምህራችሁ ንገሩ። መናገር ካስቸገራችሁ በደብተራችሁ ጻፉት፤ ማንም እንዲያየው ግድ የለም። በአማርኛ ጻፉት። ዓለማየሁ ያጣው የሚያናግረው ሰውና የሚናገርበት ቋንቋ ነው፤ እናንተ ግን ሁለቱም አላችሁ።