ሚካኤል ኤቨናሪና የነጌቭ ዛፎች

ፕሮፌሰር ሚካኤል ኤቨናሪ ዝናብ በማይበረክትበት ምድረ በዳ፣ ወንዝ ሳይጠለፍና ጕድጓድ ሳይቈፈር፣ ዛፍ ተተክሎ ፍሬ ሊሰጥ እንደሚችል በሥራ ያስመሰከሩ የዕፅዋት ሊቅ ነበሩ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1904 በዚያን ጊዜ በጀርመን ሥር በነበረችው በሜትዝ ከተማ ሲሆን፣ የቀድሞ ስማቸው ዋልተር ሽቫርትዝ ይባል ነበር። በዳርምሽታት በሚያስተምሩበት ጊዜ፣ ናዚዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ሥልጣን ሲይዙ፣ አይሁዳዊ በመሆናቸው ብቻ ከሥራቸው ተባረሩ። በዚያው ዓመት ወደ ፍልስጥኤም ተሰደው በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዘር አበቃቀል ላይ ባደረጉት ምርምርም ታወቁ።

ይሁን እንጂ ስማቸውን ይበልጥ ያስጠራው የነጌቭ በረሃ ሥራቸው ነው። በአቭዳትና በሺቭታ የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ ዙሪያ የእርከንና የእርሻ ቅሪት ሞልቷል፤ በአቭዳት የሚጥለው ዝናብ ግን በአማካይ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ታዲያ የጥንት ሰዎች በምን ውሃ አረሱ? አንዳንዶች የአየሩ ጠባይ ያን ጊዜ ርጥብ ነበር ይሉ ነበር። ኤቨናሪ ግን ከመሐንዲሱ ከሌስሊ ሻናንና ከናፍታሊ ታድሞር ጋር ሆነው፣ ጥያቄው በክርክር ሳይሆን በልኬትና በተከላ እንዲፈታ ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1958 የሺቭታን፣ በ1959 ደግሞ የአቭዳትን ጥንታዊ እርሻ መልሰው ሠሩ።

ምስጢሩ በአፈሩ ላይ ተገኘ። የነጌቭ ደቃቅ አፈር በዝናብ ሲመታ ገጹ እንደ ቅርፊት ይደፈናል፤ ስለዚህ ውሃው ወደ ውስጥ ከመስረግ ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል። ጥንታውያኑ ለአንድ ሄክታር ማሳ ከ20 እስከ 30 ሄክታር ተዳፋት ይመድቡ ነበር። ለምሳሌ ከ100 ሚሊ ሜትር ዝናብ 15 በመቶው ብቻ ቢወርድ፣ ከ20 ሄክታር ተዳፋት የሚሰበሰበው ውሃ ለአንዱ ሄክታር ተጨማሪ 300 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ውሃው የሚከማቸውም በገንዳ ሳይሆን በማሳው ጥልቅ አፈር ውስጥ ነው።

ከዚህም በላይ ለመሐንዲስ ትምህርት የሚሆነው የሚከተለው ነው። ተዳፋቱ በሰፋ መጠን ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚገኘው ውሃ ያንሳል፤ ምክንያቱም ውሃው ረጅም መንገድ ሲጓዝ በየቦታው ይሰርጋል። ስለሆነም የምርምር ቡድኑ ከ16 እስከ 1000 ካሬ ሜትር የሚደርሱ ትናንሽ መደቦችን በዝቅተኛ የአፈር ክትር ከብቦ፣ በእያንዳንዱ መደብ ታችኛ ጥግ በተቈፈረ ገበታ መሰል ጕድጓድ አንድ አንድ ችግኝ ተከለ። ትንሿ መደብ ከትልቁ ተፋሰስ ይልቅ ዝናቡን በሚገባ ተጠቀመችበት፤ የረጅም ቦይና የትልቅ ግድብ ወጪም ቀረ።

ፈተናው እ.ኤ.አ. በ1962/63 የዝናብ ወቅት ደረሰ። ዝናቡ ከአማካዩ ከግማሽ በታች ወረደ፤ በዙሪያው ያለው ምድር ሲደርቅ የአቭዳት ዛፎች ግን ሳይሞቱ ድርቁን አለፉ። ኮክ፣ በለስ፣ ወይንና ሮማን ከጥንቱ ፍርስራሽ ግርጌ አፈሩ።

ኤቨናሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ከኦቶ ላንገ ጋር የባልዛንን ሽልማት ተቀበሉ፤ በተከታዩም ዓመት ዐረፉ። ዘዴያቸው ለሁሉም ምድር እኩል አይሠራም፤ አሸዋማ አፈር ውሃውን ወዲያው ይውጠዋል፣ ስስ አፈርም አያከማችም። በአገራችን ደረቅ ኰረብታዎች ለችግኝ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጕድጓድ የሚያዘጋጅ ባለሙያም አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ዝናቡ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ አፈሩ ከዚያ ዝናብ ምን ያህሉን እንደሚያወርድና ምን ያህሉን እንደሚይዝ። ከአገሩ የተባረረው ሊቅ ለሙያ ወገኖቹ ያወረሰው ይህን የልኬት ልማድ ነው።