ከባቡር ሐዲድ ተቆጣጣሪነት እስከ ኖቤል ሽልማት፦ የደራሲ ቭላዲስዋፍ ሬይሞንት ሕይወትና ሥራ

የስዊድን አካዳሚ እ.ኤ.አ. የ1924ቱን የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ሽልማት ለፖላንዳዊው ደራሲ ቭላዲስዋፍ ሬይሞንት መስጠቱን ባስታወቀበት ወቅት፣ ተሸላሚው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቀበት የምስክር ወረቀት አልነበረውም። በእጁ የሚገኘው ብቸኛ የሙያ ማስረጃ በወጣትነቱ ያገኘው የልብስ ሰፊነት ወረቀት ነበር። ለሽልማት ያበቃውን «ገበሬዎቹ» የተሰኘ ባለ አራት ቅጽ ልቦለድ ለመጻፍ ያስቻለውን ዕውቀት የቀሰመውም ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን፣ በአነስተኛ ደመወዝ በባቡር ሐዲድ ተቆጣጣሪነት ተቀጥሮ በኖረባቸው መንደሮች ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬይሞንት ሜይ 7 ቀን 1867 በመካከለኛው ፖላንድ ኮቢየሌ ቪየልኪየ በተባለች መንደር ተወለደ። በዚያን ጊዜ ፖላንድ የምትባል ነፃ አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ከ1795 ጀምሮ ሩሲያ፣ ፕሩሺያና ኦስትሪያ ግዛቷን ተከፋፍለው ይዘውት ነበር። የደራሲው የትውልድ አካባቢ በሩሲያ ዛር አገዛዝ ሥር የወደቀ ሲሆን፣ እርሱ ከመወለዱ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1864፣ ፖላንዳውያን በዛሩ ላይ ያነሱት አመፅ ተደምስሷል። በዚያው ዓመት የዛሩ መንግሥት የፖላንድን ገበሬ ከጭሰኝነት አላቅቆ የሚያርሰውን መሬት ባለቤት አድርጎታል። በአንድ ዓመት ውስጥ የተፈጸሙት እነዚህ ሁለት ጉዳዮች በኋላ በሬይሞንት ድርሰቶች ውስጥ ደጋግመው ይታያሉ፤ በአንድ በኩል አገሩን ያጣ ሕዝብ፣ በሌላ በኩል መሬት ያገኘ ገበሬ።

አባቱ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን እየተጫወተ ብዙ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነበር። እናቱ ከክራኮው የመጣች፣ ሀብቱን ካጣ የመኳንንት ቤተሰብ የተወለደች ናት። አባትየው ልጁ እንደ እርሱ ኦርጋን ተጫዋች እንዲሆን ቢመኝም ልጁ ለትምህርትም ለኦርጋንም ሳይሆን ቀረ። በመጨረሻም ዋርሶ ወደምትኖረው እህቱ ተላከና የልብስ ስፌት ሙያ እንዲማር ተደረገ። በ1885 ጥሩ ተደርጎ የተሰፋ የክብር ልብስ ለፈታኞቹ አቅርቦ የሙያውን ማስረጃ ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ግን መርፌውን ጥሎ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ትርዒት የሚያሳይ አንድ የቴአትር ቡድን ተቀላቀለ። በተዋናይነቱ እምብዛም አልተሳካለትም።

ባዶ እጁን ወደ ቤት ሲመለስ ቤተሰቡ በ1888 ከዋርሶ ቪየና በሚዘረጋው የባቡር መስመር ሥራ አስገኘለት። ሥራው ሐዲዱን እየተከታተለ የጥገና ሠራተኞችን መቆጣጠር ሲሆን፣ ሊፕትሴን በመሳሰሉ መንደሮች አጠገብ ባሉ ጣቢያዎች እየተዘዋወረ ሠርቷል። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር። በመካከሉ ሙታንን አነጋግራለሁ ከሚል አንድ ጀርመናዊ ጋር ተወዳጅቶ ሥራውን ትቶ እስከ ለንደን መጓዙና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሶ የቀድሞ ሥራውን መለመኑ በሕይወት ታሪኩ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ ለየትኛውም አለቃ ራስ ምታት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ሆኖም ይህ ሰው በየጣቢያው ገበሬው ሲያርስ፣ ሲድር፣ ሲጣላና ሲቀበር በቅርብ ተመልክቷል፤ ማታ ማታ ደግሞ የተመለከተውን በወረቀት ያሰፍር ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቹ ከ1892 ጀምሮ በጋዜጦችና በመጽሔቶች ላይ ወጡ። የቤተሰቡ ስም ሬይመንት ሲሆን፣ ደራሲው ሬይሞንት ብሎ የለወጠውም በዚሁ ጊዜ ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ይነገራሉ። አንደኛው ከሩሲያ ሳንሱር ዓይን ለመሰወር ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የቀድሞው ስም በአካባቢው አነጋገር መራገምን ከሚያመለክት ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ነው ይባላል።

ሬይሞንት በጽሑፍ ሥራ ለመተዳደር ቆርጦ ወደ ዋርሶ የገባው የባቡር ሥራውን በመልቀቅ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት በችግር አሳልፏል። የመጀመሪያ ትኩረት ያገኘው በ1894 ከምእመናን ጋር በእግሩ ወደ ቼስቶሆቫ ገዳም ተጉዞ ባቀረበው ዘገባ ነው። ቀጥሎ የተዋንያንን ሕይወት የሚመለከቱ ልቦለዶች አሳተመ። በ1899 በመጽሐፍ የወጣው «ተስፋይቱ ምድር» ደግሞ ፊቱን ወደ ፋብሪካ ከተማዋ ሎድዝ መለሰ። ታሪኩ አንድ ፖላንዳዊ፣ አንድ ጀርመናዊና አንድ አይሁዳዊ ወዳጆች ፋብሪካ ለማቋቋም የሚያደርጉትን ሩጫ ይተርካል። ደራሲው ለዚህ ሥራ ሎድዝ ተቀምጦ የፋብሪካውን ሠራተኛና ባለሀብቱን አጥንቷል። በመጽሐፉ ውስጥ አይሁዳውያንና ጀርመናውያን የተሳሉበት መንገድ እስከ ዛሬ ተቺዎችን ያከራክራል፤ ክርክሩም መሠረት የሌለው አይደለም። ገንዘብ ሰውን እንዴት እንደሚለውጥ በማሳየት በኩል ግን በዘመኑ ከተጻፉት የሚወዳደሩት ጥቂቶች ናቸው።

ጁላይ 13 ቀን 1900 ሬይሞንት የተሳፈረበት ባቡር በዋርሶ አቅራቢያ አደጋ ደረሰበት። ደራሲው የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ለረጅም ጊዜ ታከመ። የሐኪም ማስረጃ አቅርቦም ካሳ ጠየቀ። ካሳውን የከፈለው ከጥቂት ዓመታት በፊት በአነስተኛ ደመወዝ ያሠራው የዚያው የዋርሶ ቪየና ባቡር ኩባንያ ሲሆን፣ ገንዘቡም ወደ 40 ሺህ ሩብል የሚጠጋ ነበር። ለዘመኑ ይህ ከፍተኛ ሀብት ነው።

ማስረጃው የጉዳቱን መጠን ከእውነቱ አብልጦ ማሳየቱን በኋላ የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ጸሐፊዎች ደርሰውበታል። አሥራ ሁለት የጎድን አጥንቶች ተሰብረዋል ተብሎ ቢመዘገብም በትክክል የተሰበሩት ሁለት ብቻ መሆናቸውን ይገልጻሉ። አድናቂዎቹ ይህን ጉዳይ ለመሸፈን ያደረጉት ጥረት ብዙም አልጠቀመም፤ ድርጊቱ በማናቸውም ሚዛን ቢመዘን የተጋነነ ሰነድ አቅርቦ ገንዘብ መቀበል ነው። አደጋው ያስከተለበት የነርቭ ሕመም በእርግጥም ለዓመታት እንዳልለቀቀው መካድ ደግሞ አግባብ አይሆንም። ያም ሆነ ይህ፣ ገንዘቡ በየሳምንቱ ለጋዜጣ እየጻፈ ከሚኖርበት ሩጫ አሳረፈው። በሕመሙ ወቅት ያስታመመችውን አውሬሊያን በ1902 ክራኮው ላይ አገባ፤ ጀምሮት የነበረውንም ትልቅ ሥራ በእርጋታ ያዘ።

«ገበሬዎቹ» በመጀመሪያ በአንድ የዋርሶ ሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ ቀርቦ፣ ከ1904 እስከ 1909 በአራት ቅጾች ታተመ። ጉልህ የሆነው ክፍል የተጻፈው ደራሲው ፈረንሳይ ተቀምጦ ነው። ቅጾቹ መጸው፣ ክረምት፣ ጸደይና በጋ ተብለው የተሰየሙ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸመው ሬይሞንት በተቆጣጣሪነት በሠራባት በሊፕትሴ መንደር ነው። ዓመተ ምሕረት አልተጠቀሰበትም። ጊዜው የሚቆጠረው እንደ ገበሬው ልማድ በእርሻ ሥራና በበዓላት ነው።

የመንደሩ ባለጸጋ ማቼይ ቦሪና ሚስቱ የሞተችበት አዛውንት ነው። ያግና የተባለች ወጣት ውበት ልቡን ትማርከዋለች። የልጅቷ እናት ግን ጋብቻውን የምትፈቅደው ስድስት ሞርግ መሬት በልጇ ስም በውል ከተጻፈላት ብቻ ነው። ይህ ከሦስት ሄክታር በጥቂቱ የሚበልጥ መሬት የመጽሐፉን ግማሽ ጠብ ይቀሰቅሳል። የቦሪና ልጅ አንቴክ ያግናን አስቀድሞ ይወዳት ነበርና አባትና ልጅ በአንድ በኩል በሴት፣ በሌላ በኩል በርስት ይጋጫሉ። ሬይሞንት የትኛው ጠብ እንደሚብስ ቆርጦ አይናገርም፤ አንባቢው ግን ለእነዚህ ሰዎች መሬት ከሁሉ እንደሚቀድም ይገነዘባል። አንቴክ ከአባቱ ቤት ሲባረር ሚስቱ ሃንካ ከልጆቿ ጋር በረሃብ ትቀጣለች። ቀስ በቀስ ግን የቤቱ አስተዳዳሪ ሆና የምትወጣው ይህችው በመጀመሪያ ደካማ መስላ የታየች ሴት ናት።

ከግል ጠቡ በላይ የመንደሩ የጋራ ጉዳይ ጎልቶ የሚወጣው በጫካው ክርክር ነው። ባለ ርስቱ ገበሬዎቹ የመጠቀም መብት ያላቸውን ጫካ ሸጦ ዛፎቹ መቆረጥ ሲጀምሩ፣ እርስ በርሱ ሲናከስ የከረመው መንደር በአንድነት ይወጣል። በውጊያው ቦሪና በጽኑ ይቆስላል፤ አንቴክ አባቱን የመታውን የጫካ ጠባቂ ገድሎ ይታሰራል። በጸደዩ ቅጽ መጨረሻ በሞት አፋፍ ላይ ያለው ቦሪና ሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ማሳው ይሄድና በጨረቃ ብርሃን እየዘራ ይሞታል። የፖላንድ አንባቢ ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ትዕይንት አይረሳም። በመጨረሻው ቅጽ ደግሞ ያው መንደር ያግናን አዋርዶ በፍግ መጫኛ ጋሪ ከቀዬው ያባርራታል። ደራሲው ገበሬውን አላቆነጀውም ማለት ይቻላል፤ አንድነቱንም ጭካኔውንም ከአንድ ምንጭ አውጥቶ አሳይቷል።

የዛሩ አስተዳደር በመጽሐፉ ውስጥ በጽሕፈት ቤቱ፣ በፖሊሱና በሩሲያ ቋንቋ በሚያስተምረው ትምህርት ቤት በኩል ይታያል። ገበሬዎቹ በስብሰባ ላይ ለዚህ ትምህርት ቤት ገንዘብ እንዲያዋጡ ሲጠየቁ የሚነሳው ክርክር፣ ሳንሱር ባለበት አገር የታተመ መሆኑ ሲታሰብ ድፍረት የታከለበት ነው።

መንደርን የአንድ ሕዝብ መገለጫ አድርጎ መጻፍ በዚያ ዘመን የፖላንዳውያን ብቻ አልነበረም። በጎረቤት ስሎቫክ ሥነ ጽሑፍም ገጠሩ ዋነኛ ርዕስ ሲሆን፣ ሚሎ ኡርባን በ1927 ያሳተመው «ሕያው አለንጋ» የተባለ ልቦለድ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በአንዲት ተራራማ መንደር ላይ ያደረሰውን መከራ በመተረክ ከአገሩ ውጭም ተነቧል።

የሬይሞንት መጽሐፍ ከባድ ፈተና የገጠመው በትርጉም ነው። ትረካው ራሱ በገበሬው አነጋገር የተቀመመ በመሆኑ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ጣዕሙ ይቀንሳል። ይሁንና በ1912 የወጣው የጀርመንኛ ትርጉም ሥራውን ለሰሜን አውሮፓ አንባቢዎች አስተዋወቀ። ለ1924ቱ ሽልማት ከታሰቡት መካከል ጀርመናዊው ቶማስ ማንና የሬይሞንት የአገሩ ልጅ ስቴፋን ዤሮምስኪ ይገኙበታል።

በፖላንድ የተማረው ክፍል ዘንድ የሕዝብ ሕሊና ተደርጎ ይታይ የነበረው ዤሮምስኪ ነበር። በ1918 ነፃነቷን መልሳ ያገኘችው አገር ጸሐፊዎች ሽልማቱ ለእርሱ እንዲሰጥ የጠበቁ ሲሆን፣ በ1922 ያሳተመው «የባሕር ነፋስ» የተባለው መጽሐፉ ጀርመኖችን የሚነቅፍ ተደርጎ መታየቱ ዕድሉን እንዳበላሸበት በሰፊው ይነገራል። ውጤቱ ሲታወቅ ዋርሶ ውስጥ ደስታና ቅሬታ ተቀላቅሎ ታየ። በከተማ የጥበብ ሰዎች ዘንድ ሬይሞንት ተሰጥኦ ያለው ግን ትምህርት የጎደለው ሰው ተደርጎ ይቆጠር ነበርና፣ ቅሬታው ከዚህ ንቀት ሙሉ በሙሉ የጸዳ አልነበረም። ዤሮምስኪም ክፉኛ አዝኗል። ተሸላሚው ራሱ በልብ ሕመም ምክንያት ወደ ስቶክሆልም መሄድ አልቻለም።

ለሬይሞንት እውነተኛውን በዓል ያዘጋጁለት ገበሬዎቹ ናቸው። በኦገስት 1925 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትርና የገበሬዎች ፓርቲ መሪ ቪንጼንቲ ቪቶስ፣ እርሱም ገበሬ ነበርና፣ በትውልድ መንደሩ ለደራሲው ታላቅ የክብር አቀባበል አደረገለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ኖቬምበር 20 ቀን ዤሮምስኪ ሞተ። ሬይሞንት ደግሞ ዲሴምበር 5 ቀን 1925 ዋርሶ ውስጥ በ58 ዓመቱ አረፈ። ለአንድ ሽልማት የተነጻጸሩት ሁለቱ ሰዎች በሁለት ሳምንት ልዩነት ተከታትለው ሄዱ። የሬይሞንት አስከሬን በፖቮንዝኪ መቃብር ሲቀበር፣ ልቡ በዋርሶ ቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ምሰሶ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደርጓል።

ከሞተ በኋላ የሥራዎቹ ዕጣ የተለያየ ሆኗል። በ1924 በመጽሐፍ የወጣው «አመፅ» የተሰኘ ሥራው፣ እንስሳት በሰው ላይ ተነሥተው እኩልነትን ፍለጋ ሲሰደዱና ጉዟቸው በሽብር ሲያበቃ የሚያሳይ በመሆኑ፣ በኮሚኒስት ፖላንድ ሳይታተም ቆይቶ በ2004 እንደገና ለአንባቢ ቀርቧል። በ1945 ከወጣው የጆርጅ ኦርዌል የእንስሳት ታሪክ ቀድሞ የተጻፈ መሆኑን ብዙዎች የተገነዘቡት ያን ጊዜ ነው። «ተስፋይቱ ምድር»ን አንጄይ ቫይዳ በ1975 ወደ ፊልም መልሶት ለኦስካር ታጭቷል። «ገበሬዎቹ» ደግሞ በ2023 ከ100 በላይ ሠዓሊያን በዘይት ቀለም በሣሉት ፊልም ተሠርቶ ለአዲስ ትውልድ ደርሷል።

ሊፕትሴ ዛሬም በባቡር መስመሩ ዳር ትገኛለች። በስሙ የተሰየመ ሙዚየም ያላት ሲሆን፣ የነዋሪዎቿ የባህል ቡድንም የቦሪናንና የያግናን ሠርግ በመድረክ ያቀርባል። ከ1983 ጀምሮ የመንደሯ ይፋዊ ስም፣ በአንድ ወቅት ሐዲዷን ይቆጣጠር የነበረውን ሠራተኛ ስም ጨምሮ፣ ሊፕትሴ ሬይሞንቶቭስኪየ ሆኗል።