ክሩ ሲበጠስ

አባቴ ከቶዮታ ሌላ መኪና አይነዳም። እኔን የሳበኝ ግን መኪና ሠርቶ የማያውቀው ሳኪቺ ቶዮዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 በጃፓን ገጠር ከአናጢ አባት ተወለደ። እናቱ ስትሸምን እያየ አድጎ፣ ዕድሜውን የሽመና መሣሪያ ሲያሻሽል ኖረ። በ1924 የሠራው ማሽን ክር ሲበጠስ በራሱ ቀጥ ስለሚል የተበላሸ ጨርቅ አይከማችም ነበር።

ሳኪቺ በ1930 አረፈ። በ1937 ልጁ ኪይቺሮ የመኪና ኩባንያውን አቋቋመ። የአባቱም ሐሳብ ወደ መኪና ፋብሪካው ገባ፤ ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ ሥራውን ማስቆም ይችላል።

በኋላ ግን ኩባንያው በጣም ፈጥኖ ሰፋ። በ2009 እና በ2010 በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠሩ። የሳኪቺ የልጅ ልጅ ልጅ አኪዮ አሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ፣ ዕድገቱ ሠራተኛ ከማሠልጠኑ ቀድሞ እንደነበር አምኖ ይቅርታ ጠየቀ።

እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። በልምምድ ላይ ሁሉም ሲጣደፍ፣ የመድኃኒቱ መጠን እያጠራጠረኝ ለመጠየቅ አፍሬ ዝም ያልኩበት ቀን አለ። ደግነቱ ሌላ ነርስ አይታ አስተካከለችው። አሁን ግን ከተጠራጠርኩ፣ ሰው ቢቸኩልም፣ ቆም ብዬ እጠይቃለሁ።