ጠላቂዎችን በፍየል ያዳነው ሐኪም

አምቦ ውሃ በከፈትኩ ቁጥር አንድ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ትዝ ይለኛል። ክዳኑ እንደተከደነ ጋዙ አይታይም፤ ሲከፈት ግን ግፊቱ ይቀንስና አረፋው ይንተከተካል። ከባሕር ጥልቀት ተጣድፎ የሚወጣ ጠላቂም ሰውነቱ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው።

ሐኪሙ ጆን ስኮት ሃልዴን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1860 ኤድንብራ ተወለደ፤ ሕክምናም እዚያው ተማረ። በሽተኛ ከማከም ይልቅ ሰው የሚተነፍሰውን አየር ማጥናት ይወድ ነበር። በማዕድን ጉድጓድ ፍንዳታ ከሞቱት ሠራተኞች አብዛኞቹን የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን በ1896 አሳወቀ። መርዙን በራሱም ላይ ሞክሮታል፤ እብደት ነው የሚል ካለ አልከራከርም።

በ1905 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የጠላቂዎችን ችግር እንዲያጠና አደረገው። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ የከባቢ አየር ይጨምራል። 30 ሜትር ላይ ጠላቂው የሚተነፍሰው አየር ግፊቱ ከላይኛው አራት እጥፍ ነው፤ ናይትሮጂኑም ደሙና ስቡ ውስጥ ይሟሟል። ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 እንዳሳየው፣ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ ናይትሮጂኑ አረፋ ይሆናል። መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ያኔ የታወቀው መከላከያ ከታች እስከ ላይ እኩል ዝግ ብሎ መውጣት ነበር።

ሃልዴን ግን አንድ ነገር አስተዋለ። 10 ሜትር የወረደ ሰው ፈጥኖ ቢወጣም አይታመምም፤ ግፊቱ የቀነሰው ግን በግማሽ ነው። ታዲያ ከአራት ወደ ሁለት፣ ከስድስት ወደ ሦስትስ? ለንደን በሚገኘው ሊስተር ኢንስቲትዩት ፍየሎችን የብረት ክፍል ውስጥ አስገብቶ ሞከረ። ፍየል ሲያማት የፊት እግሯን ታነሳለች፤ መናገር አያስፈልጋትም። ግምቱ ልክ ሆነ። ታች መንቀርፈፍ እንዲያውም ተጨማሪ ናይትሮጂን ያስገባል። እስከ ግማሹ ግፊት ቶሎ መውጣት፣ ከዚያ ወደ ላይ በተቃረቡ ቁጥር ረዘም እያሉ መቆም ነው።

በ1906 ዳማንትና ካቶ የተባሉ ሁለት የባሕር ኃይል ሰዎች ስኮትላንድ ባሕር 64 ሜትር ወርደው በሰላም ወጡ። የ13 ዓመት ልጁን ጃክንም በሰፊ ልብስ አስጠለቀው፤ ውሃ ይገባበት ነበር። እኔም አባት ነኝ፣ ይህን ግን አላደርገውም!

ሰንጠረዡ በ1908 ታተመ። ረጅምና ጥልቅ ለሆነ ጠለቃ በቂ እንዳልሆነ ታይቶ ኋላ ተሻሽሏል፤ ዛሬ ጠላቂ እጁ ላይ የሚያስረው ኮምፒውተር ስሌት ግን መነሻው እዚያ ነው። ሃልዴን በ1936 ኦክስፎርድ አረፈ። ጃክም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለባሕር ኃይል ጥናት ግፊት ክፍል ገብቶ፣ ኦክስጅን ባስከተለበት መንፈራገጥ የአከርካሪ አጥንቱ ተጎዳ።